ማይክሮፎኑ ከመተሐራ በታች አይወርድም ወይ?

ጉዳዩ የዘፈን ጉዳይ ነው። «አገር እንዲህ ሆኖ ሰውዬው ስለ ዘፈን ይጽፋል እንዴ!» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ ትንሽ ይታገሡኝ።

በቅርቡ ለግል ጉዳዬ ወደ ሰመራ ወርጄ ነበር። የተሳፈርኩት ወደ ጅቡቲ በሚወርድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ነው። ሾፌሩ የናዝሬት ልጅ፣ ረዳቱ የገዋኔ አፋር። ሾፌሩ ገና ደብረ ዘይት ሳንደርስ ስልኩን ከመኪናው ቴፕ ጋር አገናኘና ፖድካስት የሚሉትን ነገር ከፈተ። አንድ ጠያቂ አልበሙን ያወጣ አንድ ዘፋኝ አስቀምጦ ያናግራል። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ዘፋኙ ስንት ዓመት እንደደከመበት ተረከ፤ ጠያቂው «ኧረ ግሩም ነው!» አለ። ዘፋኙ ስለ ትዳሩ ተጠየቀ፤ ስለ እናቱ ተጠየቀ፤ አለቀሰ። ጠያቂውም አብሮ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። በመካከሉ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ገባ። አልበሙ ላይ ቤዝ ጊታር የመታው ማን እንደሆነ ግን ሳይነገረን ሞጆን አለፍን፣ ናዝሬትን አለፍን፣ መተሐራ ደረስን።

እዚያ ላይ ኔትዎርኩ ተቆራረጠና ጋቢናው ፀጥ አለ። ይኼኔ ረዳቱ፣

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች የእኛን ዘፋኞች የማይጠይቁት ለምንድነው?» አለኝ።

ሾፌሩ ሳቀ። «እናንተ ደግሞ መቼ አልበም አወጣችሁ!»

ልጁ ዝም አለ። አዋሽ ሰባትን አልፈን አዋሽ አርባ እስክንደርስ ድረስ አልተናገረም። እኔም መልስ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ያጣሁትን መልስ ፍለጋ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ፖድካስቶቹን ልነቅፍ አልተነሳሁም። ከየት እንደመጣን የሚረሳ ካለ ላስታውሰው፤ ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበሙን አወጣ። አልበሙ በአሜሪካው ቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ እስከ መሆን ደረሰ። የመንግሥት ቴሌቪዥናችንም ስለ አልበሙ ቃለ መጠይቅ አደረገለት፤ አደረገለትና ሳያስተላልፈው ቀረ! ጠያቂው ጋዜጠኛ ሥራውን ለቀቀ። የዚያው ዓመት ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ በሂልተን ሊደረግ የነበረው የአልበሙ ምረቃ በፖሊስ ተከለከለ። እንግዲህ አንድ ዘፋኝ ስለ ዘፈኑ እንዲናገር የበላይ አካል ፈቃድ በሚያስፈልግበት አገር፣ አንድ ወጣት ሁለት ማይክሮፎን ገዝቶ በገዛ ሳሎኑ ሙዚቀኛ ማናገር መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገደለ ማግስት ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ያህል እንደተዘጋም አንርሳ። ፖድካስት የተንጠለጠለበት ክር በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ሰው በጠያቂዎቹ ላይ ለመፍረድ አይቸኩልም።

ነገር ግን ነፃነት ከተገኘ ምን ይሠራበታል? ጥያቄዬ እሱ ነው። የመንግሥቱ ጣቢያ አሥር ዘፋኝ መርጦ ሌላውን ይረሳ ነበር፤ ፖድካስቱም ያው አሥሩን ተቀብሎ በየተራ ያስለቅሳቸዋል። ያኛው በትእዛዝ፣ ይኼኛው በተመልካች ቁጥር። «ዘፈኑን ማን አቀናበረው፣ ስንት ተከፈለው፣ ማስተሩ የማነው፣ አሳታሚው ምን ያህል ወሰደ» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሁለት ሰው ባይጠፋም ብዙዎቹ ግን ሙገሳ ላይ ናቸው። ራሱን ችሎ፣ ያለ አሳታሚ፣ በራሱ ብር ሥራውን የሚያወጣ ሙዚቀኛ እኮ ከማንም ይልቅ የሚነገር ነገር አለው!

አሁን ወደ አዋሽ ልመለስ።

በ1980ዎቹ ማለቂያ አካባቢ፣ ባቡሩ ገና እየተንገጫገጨም ቢሆን ድሬዳዋ በሚደርስበት ጊዜ፣ አዋሽ ሰባት ጣቢያ ላይ ወርጄ ነበር። ሌላው ተሳፋሪ ፈረንሳዮች ወደ ሠሩት ቡፌ ሲሮጥ እኔ ካሴት ወደሚሸጥበት አንድ ኪዮስክ ሄድኩ። ከአስቴርና ከነዋይ ካሴቶች ሥር አንድ ሽፋን የሌለው ካሴት አገኘሁ። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «አፋር 1» ተብሎ ተጽፎበታል። ባለ ኪዮስኩ ከፈተልኝ። የአንድ ወንድ ድምፅ ነው። ያዜማል፤ ሌሎች ይቀበሉታል፤ ጭብጨባ አለ፤ ከኋላ ግመል ሲያገሳ ይሰማል። ስቱዲዮ እንዳልነበረ የታወቀ ነው።

«ማነው የዘፈነው?» አልኩት።

«አፋር ነዋ!» አለኝ።

ያ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ነዋይ ደበበ «አማራ» ተብሎ ሲሸጥ፣ አሊ ቢራ «ኦሮሞ» ተብሎ ብቻ ሲሸጥ አስቡት! ካሴቱን ገዛሁት። ዛሬም ቤቴ አለ። ልጄ ሪባኑ ሳይበጠስ ብሎ ወደ ስልኬ ገልብጦልኛል። የዘፈነው ሰው ስም ግን ዛሬም የለውም።

በቅርቡ ሎግያ ስደርስ የሆነውን ደግሞ ስሙ። ሎግያ የሰመራ ጎረቤት ናት፤ የሾፌር ከተማ ናት። እዚያ ስልክ ከሚያድስ አንድ ልጅ ዘንድ ሚሞሪ ላይ ዘፈን አስጫንኩ። የአፋርኛ ዘፈን ሞላልኝ። ኪቦርድ ያለበት፣ ዘመናዊ፣ አንዳንዱም በጣም ደህና ሥራ ነው። ቤቴ ስገባ ፋይሎቹን አየኋቸው፤ «አፋር ኒው 1»፣ «አፋር ኒው 2»፣ «አፋር ኒው 3»። ከካሴት ወደ ሚሞሪ ስንሻገር የተለወጠው «ኒው» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት!

አፋር ዘፋኝ ወደ ካሜራ አይጠራም ማለቴ አይደለም። ይጠራል እንጂ! ኅዳር 29 ቀን 2010 ዓ.ም. 12ኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን የተከበረው እዚያው ሰመራ ላይ ነው። ጊሌ በወገባቸው የታጠቁ ጎረምሶች በስታዲየም ሲዘሉ አገር በቴሌቪዥን አየ። ስማቸውን የጠየቀ አልነበረም። «የአፋር ብሔረሰብ ባህላዊ ጭፈራ» ተብሎ ከሥር ተጻፈና አለፈ። በዓል ሲሆን «ብሔረሰብ» ነው፤ ኪዮስክ ላይ «አፋር» ነው፤ ሚሞሪ ላይ «አፋር ኒው» ነው። አቶ እገሌ፣ ወይዘሮ እገሊት የሚሆነው መቼ ነው?

ሾፌሩ «መቼ አልበም አወጣችሁ» ያለው ነገር ደግሞ ስህተት ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ ከጅቡቲ፣ ያና ሞሚና የተባሉ የሰባዎቹ ዕድሜ አፋር እናት በፈረንጅ 2022 «አፋር ዌይስ» የሚል አልበም አውጥተዋል። ግጥሙም ዜማውም የራሳቸው ነው። ያሳተመላቸው ኦስቲናቶ የሚባል የውጭ አሳታሚ ነው። ይኸው አሳታሚ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የጅቡቲ ራዲዮን ባንድ ሥራ አውጥቶ ነበር። ስለ እኒህ እናት ፈረንጅ ጽፏል፣ ተወያይቷል። ሎግያ ላይ የጅቡቲን መንገድ ቀን ከሌት የምትመላለሱ ሾፌሮች ሆይ፣ ከእናንተ ስንታችሁ ስማቸውን ሰምታችኋል? በእናንተ አልፈርድም። የነገራችሁ የለማ!

አሁን ወደ አስገራሚው ነገር ልምጣ። ፖድካስት የሚባለውን ነገር አፋር ከእኛ ሁሉ በፊት ያውቀው ነበር። «ዳጉ» ይሉታል። ሁለት አፋሮች በረሃ ላይ ከተገናኙ እንደኛ «እንዴት ነህ፣ ደህና ነኝ» ተባብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ያየውንና የሰማውን፣ ከማን እንደሰማው ጭምር፣ ሳያድበሰብስ ያወራል። ከዚያ ተራው ይገለበጣል። በዳጉ የዋሸ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያምነው የለም። (ይህቺን ሕግ አንዳንድ የአዲስ አበባ ጠያቂዎች ቢዋሷት ምን ነበረበት!) ጂኒሌ የሚባለው ጭፈራ ደግሞ አለ። ሰው ክብ ሠርቶ እያጨበጨበ መሐል የቆመውን ሰው ስለሚመጣው ነገር ይጠይቀዋል፤ እሱም በዜማ ይመልሳል፤ ክቡ መልሱን ይቀበላል። ይህ ቃለ መጠይቅ ካልሆነ ምንድነው? በካሶ ደግሞ ገጣሚው ያሰበውን በግጥም ይወረውራል፤ ተከራካሪው ይመልስለታል። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትናጥ፣ ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ ስንት ካሜራ የተሰነጠቀውን መሬት አነሳ! ስለዚያ ሰሞን የተገጠመ ካሶ የለም ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ። መሬቱ ተነሳ፤ ገጣሚው ሳይጠየቅ ቀረ።

አንድ ወዳጄ ከዓመታት በፊት ቴፕ ይዞ ወደዚያ ወርዶ ነበር። በመጀመሪያ የሄደው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። «ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ አምጣ» ተባለ። ደብዳቤውን አመጣ። «እንግዲያው የእኛን የኪነት ቡድን ቅዳ፣ እነሱ ይበቁሃል» አሉት። ቀዳቸው። የዘፈኑለት ስለ ልማት ነው! እኔ ጥፋቱ የወዳጄ ነው እላለሁ። ደብዳቤ ፍለጋ መሄዱ ነው ጥፋቱ። ዳጉ ደብዳቤ አይጠይቅም።

ደብዳቤ ሳይዙ መሥራት በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በዘመነ ጃንሆይ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አቶ አምሃ እሸቴ ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው፣ በፈረንጅ 1969፣ አዋጁን ከምንም ሳይቆጥሩ ማሳተም ጀመሩ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጡ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚሰማው ሙዚቃ አንዱ ትልቅ ክፍል ያ ነው። ፈቃድ ቢጠብቁ ኖሮ ምን እንሰማ ነበር?

መንገዱ ሩቅ ነው የሚለኝም አልጠፋም። በፈረንጅ 1933 ማለቂያ ላይ ቴሲጀር የተባለው እንግሊዛዊ ከዚያው ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ፣ በግመል፣ ወንዙ እስከሚያልቅበት እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ ወርዷል። ዛሬ አስፋልት አለ። ከአዲስ አበባ ሰመራ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ አውሮፕላንም ይሄዳል። ለስቱዲዮ መብራትና ለሶፋ የሚወጣው ብር የአንድ ሳምንት መንገድ፣ የአንድ ጥሩ አስተርጓሚ አበልና ለዘፋኞቹ የሚገባቸውን ክፍያ አይችልም ማለት ነው? ክፍያዋን አደራ! ድምፅ ቀድቶ በነፃ መሄድ «አፋር ኒው 4» ማድረግ ነው። ስማቸውን ጻፉ፤ ግጥሙ የማን እንደሆነ ጻፉ፤ ዘፈኑ ገበያ ከወጣ ድርሻቸው ምን እንደሆነ ተዋውላችሁ ጻፉ። ትዳራቸውን አትጠይቁ።

ገዋኔ ስንደርስ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ወረደ። እኔም ስልኬን አውጥቼ ያንን የቆየ ካሴት ለረዳቱ ከፈትኩለት። ልጁ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ በኋላ ፈገግታው ጠፋ። ስልኩን ከእጄ ወስዶ ወደ ጆሮው አስጠጋው። ግመሉ እስከሚያገሳበት ድረስ ሰማና፣

«ሰውዬውን አላውቀውም ጋሼ። አነጋገሩ ግን የዚህ አገር ነው፣ የእኛ ነው» አለኝ። «እናቴ ታውቀው ይሆናል። እሷ ሁሉንም ታውቃለች።»

«ብጠይቃት ትነግረኛለች?»

«ለምን አትነግርህም? ቁጭ ካልክ ትነግርሃለች።»

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ልጁ ስልኩን መለሰልኝና ወደ ጋቢናው ወጣ።