40 ያርድ መሮጥና ኳስ መያዝ አንድ አይደለም!

ወገኖቼ፣ የፈረንጆቹ 2024 የኤንኤፍኤል ድራፍት ሐሙስ ሚያዝያ 17 ዲትሮይት ላይ ነበር የተጀመረው። እዚህ ሰፈር ግን ወሬው ሁሉ 4.21 ሆኖ ነበር። የቴክሳሱ ዜቪየር ዎርዚ ኮምባይን ላይ 40 ያርድ በ4.21 ሰከንድ ሮጦ ሪከርድ ሰበረ። እሰየው! ከዚያ ተነስቶ «ከማርቪን ሃሪሰን ጁኒየር ይበልጣል፤ ሃሪሰን እኮ ፈርቶ ነው ያልሮጠው» ማለት ግን ምን የሚሉት ነገር ነው?

የሯጭ አገር ልጆች ስለሆንን ሰዓት ስናይ ልባችን ይሸፍታል። ይገባኛል። ግን ኮምባይን ላይ የሚሮጠው በቁምጣ ነው። የሚገፋ ተከላካይ የለም፣ ኳስ የለም፣ መታጠፍ የለም። ጨዋታ ላይ ገና ከመነሻው ደረቱን የሚመታው ሰው አለ። ዋይድ ሪሲቨር እሱን አምልጦ፣ በሙሉ ፍጥነት መጥቶ፣ ድንገት ቆሞ፣ ተጠማዞ፣ ኳሱ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ መገኘት አለበት። ይህን የትኛው ሰዓት ይለካዋል?

ለመሆኑ ዎርዚ የሰበረው ሪከርድ የማን ነበር? የጆን ሮስ። በፈረንጆቹ 2017 በ4.22 ሮጠና ሲንሲናቲ በ9ኛ ምርጫ ወሰደው። ጉዳቱም ተጨምሮበት በአንድም የውድድር ዓመት 600 ያርድ ሳይሞላ ቀረ። በዚያው ድራፍት በ4.62 የሮጠው ኩፐር ካፕ 69ኛ ሆኖ ተመረጠ። በ2021 ግን 145 ኳስ ይዞ 1,947 ያርድ ሠራ፤ የሱፐር ቦውሉም ኮከብ ተባለ። በቃ፣ ሌላ ምን ልበል?

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ማሊክ ኔበርስ 1,569 ያርድ፣ ሃሪሰን 1,211፤ ቁጥር አይዋሽም» ይላል። እሺ፣ ቁጥር ካላችሁ ሮም ኦዱንዜ 1,640 አለው! ለምን አንደኛ አላደረጋችሁትም? «እሱ እኮ 15 ጨዋታ ተጫውቶ ነው» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ! እንግዲያው ቁጥር ብቻውን አይናገርም ማለት ነው። እንግዲህ ማን ወረወረለት ብላችሁም ጠይቁ። ለኔበርስ የወረወረው የሃይዝማን ሽልማት ያገኘው ጄይደን ዳንኤልስ ነው። በሌላው ጠርዝ 17 ተችዳውን የያዘው ብራያን ቶማስ ጁኒየር ተከላካይ ይስብለት ነበር። ሃሪሰን ኳርተርባክ ተቀይሮበት፣ ሁሉም ተከላካይ እሱን እያየ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከ1,200 ያርድ በላይና 14፣ 14 ተችዳውን ይዟል።

«ፍጥነት ዋጋ የለውም ልትል ነው?» ለምትሉኝ፦ አላልኩም። ዎርዚ የኋላ ተከላካዮችን የሚያስጨንቅ ልጅ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር መመረጡ አይከፋኝም። ግን 75 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ሩጫ ከሦስቱ አይቀድምም። የእኔ ደረጃ፦ ሃሪሰን፣ ኔበርስ፣ ኦዱንዜ፣ ከዚያ ሌላው።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ የሠራ ተማሪ የአንድ ቀን ፈተና ስላልተፈተነ «ሰነፍ» ሲባል ደሜ ይፈላል። ሃሪሰን ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በመቶ ሺህ ሰው ፊት ተፈትኗል፤ ወረቀቱም ቪዲዮ ላይ አለ። ወጣት ልጅን «ፈሪ» ከማለታችሁ በፊት እስቲ ሦስት ጨዋታውን ቁጭ ብላችሁ እዩ። ካያችሁ በኋላ ሐሳብ ያላችሁ ኑ፣ እንከራከር። ሰዓት ብቻ ይዛችሁ የምትመጡ ግን ወደ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን!