ሽለላ በሳክስፎን

ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ። ለማታውቋቸው፣ በተለይ ለልጆቻችን፣ ዛሬ ላስተዋውቃችሁ።

በ1997 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት «ዘ ኤክስ» የሚባል የሆላንድ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ከአዲስ አበባ አንድ አዛውንት ሳክስፎን ተጫዋች ጋበዘ። ጋሽ ጌታቸው ያኔ 69 ዓመታቸው ነበር። በዚያ በዓል ላይ «ኢንስታንት ኮምፖዘርስ ፑል» ከተባለው የአገሬው ኦርኬስትራ ጋርም ተጫወቱ። ይህ ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲቋቋም ጀምሮ የሚታወቀው ሙዚቃውን እዚያው መድረክ ላይ በመፍጠር ነው። የተጻፈ ነገር ቢኖራቸውም መሀል ላይ ትተውት ይሄዳሉ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ያዳምጣል፣ ይከተላል፣ ካሻውም ይቃረናል። እንግዲህ ከይፋት የተነሳ ሰው እነዚህን እንዴት ገጠማቸው ትሉ ይሆናል። ምንም አልከበዳቸውም፤ ነገሩን አስቀድመው ያውቁታል።

ፈረንጆቹ ይህን ዓይነት አጨዋወት ፍሪ ጃዝ ይሉታል። ስሙን ያገኘበትን ሸክላ አሜሪካዊው ኦርኔት ኮልማን ያስቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ጋሽ ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን መጫወት የጀመሩት ግን ከዚያ ቀድመው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ነው። በ1927 ዓ.ም. ይፋት ተወለዱ፤ ክራርና ማሲንቆ ከሞከሩ በኋላ ወደ ክላሪኔትና ሳክስፎን ተሻገሩ። በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ጀምረው በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወቱ። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ይወጡ ነበር። ይህ ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም፤ የሚነፉት ነገር የጀግና ነገር ነበርና።

ሽለላውን ለማወቅ ሰፈሬን መጥቀስ ይበቃል። ጠመንጃ ያዥ ነው ስሙ። ዛሬ እዚህ ጠመንጃ ይዞ የምታዩት የባንክ ጥበቃውን ብቻ ነው፤ ፉከራው ግን አልጠፋም። ሠርግ ድንኳን ውስጥ አንድ አባት ድንገት ብድግ ይላሉ፤ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ ከዘራቸውን እንደ ምንሽር ይይዛሉ፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እዚህ ላይ ምት አይቆጠርም። አንዱ ሐረግ ይረዝማል፣ ሌላው በሁለት ቃል ይቆረጣል፣ ከዚያ ዝምታ፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። የዱሮ ማሲንቆ መቺ ይህን ሲያይ ቀስቱን ያላላና ሥር ሥራቸው ይከተላል።

በሥራ ዘመኔ ስቆጥር የኖርኩት ትንፋሽ ስለሆነ ይህን ልተወው አልችልም። የታማሚን ትንፋሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ እንቆጥራለን፤ ጤነኛ አዋቂ ዐርፎ ሲቀመጥ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሳንባው ለተጎዳ ሰው ደግሞ በአፍንጫው እንዲስብ፣ ከንፈሩን ለፉጨት እንደሚያሾል አድርጎ፣ በሳበበት እጥፍ ጊዜ ቀስ ብሎ እንዲያስወጣ እናስተምረዋለን። ነፊም ፎካሪም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ በአጭሩ መሳብ፣ በረጅሙ ማውጣት። የጋሽ ጌታቸውን ሳክስፎን ስትሰሙ ድምፁ ሰፍቶ፣ ተንቀጥቅጦ ይሄድና የመጨረሻዋ አየር ላይ ይቆረጣል። ያች ቁርጥ የምትለው ቦታ የፎካሪው ትንፋሽ መሳቢያ ናት። ኖታ ላይ ልትጻፍ ትችል ይሆናል፤ ጻፊው ግን የሰውየውን ደረት መለካት አለበት። ከእርጅና ጋር ሳንባ መለጠጡን ይቀንሳል፣ የደረት ግድግዳም ይጠነክራል። ሰውየው ግን ሰባ ዓመት አልፏቸው ከወጣቶች ጋር አውሮፓን ዞሩ።

ባለፈው ጥር የጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ላይ አንድ ሽማግሌ ሊፎክሩ ተነሱ። ዲጄው መጀመሪያ ድምፁን ቀነሰ፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ቀጥሎ ግን ከሥር ምት ለቀቀላቸው። ሽማግሌው ምቱን ሊከተሉ ሞከሩ፣ ቃላቸው ተሰበረ፣ ሁለተኛውን ሐረግ ሳይጨርሱ ተቀመጡ። ዲጄው አጀብኩ ብሎ ነው። አጠገቤ የነበረች ወጣት «እማማ፣ ግጥሙ ጠፋባቸው እንዴ?» አለችኝ። ግጥሙስ አልጠፋባቸውም፤ ማሽኑ መጠበቅ ስለማይችል ነው።

ለዚህ ነው የሆላንዶቹ ነገር የሚገርመኝ። ከዚያ በዓል በኋላ ጋሽ ጌታቸው ራሳቸው «ዘ ኤክስ»ን እንዲያጅቧቸው ጠየቁ። እነዚያ ልጆች ጊታራቸው እንደ ብረታ ብረት ቤት የሚጮህ ናቸው፤ የእኔ ጆሮ እስኪለምዳቸው ቆይቷል፣ አንዳንዱንም እስከ ዛሬ አልለመደውም። ግን ይጠብቃሉ። ሽማግሌው ሲያረዝሙ ያረዝማሉ፣ ሲያቆሙ ያቆማሉ። «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም እ.ኤ.አ. በ2006 አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» ተከተለ። ያንን የጎላ ጩኸት ሰንጥቆ የሚወጣው የእሳቸው ሳክስፎን ነው፣ ማንም አልሸፈነውም። እኛ ልጆቻቸው ቀድመን ይህን ብናደርግላቸው ደስ ባለኝ። በ2008 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።

ብቻዬን ላዳምጥ የምትሉ ከጥንቱ ሸክላ ጀምሩ፤ «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የተባለው ነው። ሽለላውን ስታገኙት ከፍ አድርጉት፣ ልጆቹንም ጥሯቸው፤ የት ላይ እንደሚተነፍሱ ይቁጠሩ።

ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ያላችሁ ደግሞ ከዲጄው ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ ይህንንም ጨምሩበት። አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ከተነሱ ማሽኑን እስከ መጨረሻው ያጥፋው፤ እስኪቀመጡም አይንካው። ማይክ አያስፈልጋቸውም።