ጉድጓዱ ጨው ጨው ሲል

በብዙ ቤታችን ልጅ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ሲባል የሚጠበቀው መልስ የታወቀ ነው፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አሁን አሁን ደግሞ የኮምፒውተር ባለሙያ። አንዱ ተነስቶ «ሃይድሮሎጂ አጠናለሁ» ቢል፣ እናቱ «ምንድን ነው እሱ? ቧንቧ መጠገን ነው?» ብትለው አይፈረድባትም። ስለዚህ ዛሬ ስለዚህ ሙያ እናውራ።

ሃይድሮሎጂ ውሃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚያጠና ሳይንስ ነው። ዝናብን፣ ወንዝን፣ ሐይቅን ይመለከታል። ከመሬት በታች ያለውንም ውሃ ያጠናል። ይህንን በአማርኛ «የከርሰ ምድር ውሃ» እንለዋለን። «ከርስ» ማለት ሆድ ነው፤ እንግዲህ ተመራማሪው የምድርን ሆድ ይመረምራል ማለት ነው። ሐኪም የታማሚን ሆድ ሳይከፍት በመሣሪያ እንደሚያይ፣ እሱም መሬቱን ሳይከፍት ለማየት ይሞክራል። ለምሳሌ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል። ስለዚህ በመሬቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ጨዋማው ውሃ የት እንደደረሰ መገመት ይቻላል።

ሥራው በጣም የሚከብደው በባሕር ዳርቻ ነው። እዚያ ሁለት ውሃዎች ከመሬት በታች ይገናኛሉ። ከዝናብ የመጣው ጨው አልባ ውሃ ቀለል ስለሚል ከላይ ይሆናል፤ የባሕሩ ውሃ ከበድ ስለሚል ከሥር ይገባል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ባዶን ጊይበን የተባለ የኔዘርላንድስ ወታደራዊ መሐንዲስ፣ በ1901 ደግሞ ሄርዝበርግ የተባለ ጀርመናዊ፣ አንድ ቀላል ስሌት አወጡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከባሕር ጠለል 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከባሕር ጠለል በታች ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ጨው አልባ ውሃ አለ ማለት ነው።

አሁን ነገሩን ገልብጣችሁ አስቡት። ከተማዋ ብዙ ውሃ በፓምፕ ሳበችና የውሃው ከፍታ በ1 ሜትር ወረደ። ያን ጊዜ የባሕሩ ውሃ ከሥር፣ በዝግታ፣ እስከ 40 ሜትር ድረስ ሊወጣ ይችላል። ጉድጓድ ለማበላሸት ደግሞ ብዙ ጨው አያስፈልግም። ከ100 ብርጭቆ ውሃ ሁለቱ ብቻ የባሕር ውሃ ቢሆኑ፣ በአሜሪካ ለመጠጥ ውሃ ከሚመከረው የክሎራይድ ልክ ያልፋል። ክሎራይድ ውሃን ጨው ጨው የሚያሰኘው ነገር ነው።

ማያሚን እንውሰድ። ከተማዋ የምትጠጣው ከሥሯ ካለው ከርሰ ምድር ውሃ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ረግረጉን ለማድረቅ ትላልቅ ቦዮች ተቆፈሩ። መሬቱ ደረቀ፤ የከርሰ ምድሩም ውሃ አብሮ ወረደ፤ ባሕሩም ወደ ውስጥ ገባ፤ ጉድጓዶች ተበላሹ። ከዚያ በኋላ በቦዮቹ ላይ ውሃ የሚይዙ በሮች ተሠሩ። በባሕሩ ላይ ግንብ እንሥራ ቢባል ብዙም አይረዳም። የማያሚ ድንጋይ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃው ከግንቡ ሥር ያልፋል።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ ጅቡቲ አለች። ጅቡቲ ከተማም ለረጅም ጊዜ በጉድጓድ ውሃ ኖራለች፤ ብዙ ስለተሳበ የባሕሩ ጨው ወደ ጉድጓዶቿ ገባ። ከ2017 ወዲህ ግን በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ሺኒሌ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሃ በቧንቧ ይላክላታል። ባሕር የሌላት አገር የባሕር ዳር ከተማን ውሃ ታጠጣለች! ግን ሺኒሌም ደረቅ አገር ነው። ከዚያ መሬት በየዓመቱ ስንት ይወጣል? ዝናቡስ ስንቱን ይተካል? እረኛውም፣ የከተማው ሰውም የሚኖሩት በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ነው፤ መልሱን መፈለግ ደግሞ የሃይድሮሎጂ ባለሙያ ሥራ ነው።

መንገዱ ረጅም ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። መጀመሪያ በጂኦሎጂ፣ በሲቪል ምሕንድስና ወይም በአካባቢ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይያዛል። ሒሳብና ፊዚክስ የግድ ናቸው። ከዚያ ዶክትሬት፤ አሜሪካ ውስጥ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ወላጆች ይህን ስሙ፦ በሳይንስ ዘርፍ ብዙውን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪ ለትምህርቱ አይከፍልም፤ እንዲያውም አነስተኛ ክፍያ ያገኛል። በኔዘርላንድስ ደግሞ የዶክትሬት ተማሪ ብዙ ጊዜ እንደ ዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ይቆጠራል። ቀጥሎ ጥቂት ዓመት በተመራማሪነት፣ ከዚያ ረዳት ፕሮፌሰርነት ይመጣል። ቋሚ ቦታ ለማግኘት ሌላ ስድስት ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ቦታውም ለሁሉም አይበቃም። ቶሎ ገንዘብ ለማግኘት ለሚፈልግ ልጅ ይህን መንገድ አልመክርም። ዩኒቨርሲቲ ያልቀረ ግን ሥራ አያጣም፤ የከተማ ውሃ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋሉ።

ለወላጆቻችን አገርም ዘርፉ እንግዳ አይደለም። የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1986 ሲጀመር የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሙያ ጭቃና ቡትስ ብቻ ሳይሆን ድፍረትም ይጠይቃል። ተመራማሪው ካርታ አውጥቶ «ከዚህ መስመር ወዲያ ያሉት ጉድጓዶች መሳብ መቀነስ አለባቸው» ሲል፣ በዚያ ጉድጓድ ቲማቲም የሚያጠጣው ገበሬ ደስ አይለውም። የዚያን ገበሬ ዓይን እያዩ ቁጥሩን ማስረዳት በየትኛውም የሒሳብ ክፍል አይማሩትም።

አሜሪካ የምትኖሩ ልጆች ዛሬውኑ መሞከር ትችላላችሁ። የአገሪቱ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የጉድጓድ መለኪያዎቹን ውጤት በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ካርታው ላይ ለቤታችሁ የሚቀርበውን ጉድጓድ ፈልጉና፣ እናንተ ከተወለዳችሁበት ዓመት ጀምሮ ውሃው ወጥቶ ይሁን ወርዶ ከአባታችሁ ጋር ተመልከቱ።