ኩኩሉ! ነጋ ወይስ አልነጋም?

የዚህ ወር ጨዋታችን ስለ አንዲት ዶሮ ነው። ዶሮዋ የምትኖረው በረት ውስጥ ሳይሆን ስልክ ውስጥ ነው።

እኛ ቤት፣ ቶርንተን፣ ቅዳሜ ማታ የስልክ ማታ ነው። ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ እንደውላለን። የስምንት ዓመቷ ልጄ ተራዋ ሲደርስ የምትለው ሦስት ነገር ብቻ ነበር። «ሰላም እማማ። ደህና ነኝ። ቻው።» ከዚያ ስልኩን ለእኔ ትሰጥና ወደ ታብሌቷ ትመለሳለች።

«ምነው፣ ኮራችብኝ እንዴ?» ትላለች እናቴ።

ልጄ አልኮራችም። አማርኛዋ አልቆባት ነው። ይሄ ግን ለእናት እንዴት ይነገራል? «እንቅልፍ መጥቶባት ነው» እላለሁ። በየሳምንቱ እንቅልፍ!

አንድ ቀን አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ ልጅ «ኩኩሉ የሚባል የሀበሻ ጌም አለ፣ ለምን አታሳያትም?» አለኝ። እኔ ጌም አልወድም። ልጅ ከስክሪን እንዲርቅ እንጂ ሌላ ስክሪን እንዲጨመርለት የሚፈልግ ወላጅ አላውቅም። ስሙን ስሰማ ግን ሳቄ መጣ። በአሮጌ ስልኬ ላይ ጫንኩትና ሶፋው ላይ አብረን ተቀመጥን።

ነገሩ ቀላል ነው። አንዲት ዶሮ ልትታረድ ስትል ታመልጣለች። ሰውየው ይከተላታል፣ እሷ ትሮጣለች። ልጅቷ በጣቷ እያገዘች ታሸሻታለች። በቃ! እንደ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ጌም ብዙ ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት አይደለም። የሠራው አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የተባለ ትንሽ ስቱዲዮ ነው። መሥራቹ ዳዊት አብርሃም ይባላል። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2018 የአፕስአፍሪካ ሽልማት አግኝቷል። እነዚሁ ሰዎች በኋላ ደግሞ ጠጠርና ጉድጓድ ብቻ ይፈልግ የነበረውን ገበጣችንን ወደ ስልክ አምጥተውታል።

ልጄ አሥር ደቂቃ ከሮጠች በኋላ ቀና ብላ «አባዬ፣ ሰውየው ለምንድን ነው የሚያባርራት?» አለችኝ።

«ለዶሮ ወጥ» አልኳት።

ዝም አለች። ልጄ ዶሮ ወጥ ትወዳለች። እግሩን ማንም አይነካባትም። ግን እሷ የምታውቀው ዶሮ ከግሮሰሪ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚመጣውን ነው። አይኖች የሉትም፣ አይጮህም፣ ማንንም አይሸሽም። በእኛ ልጅነት ግን ዶሮ ከገበያ በእግሯ ተንጠልጥላ፣ እየተንጫጫች ነበር የምትመጣው። እስከ በዓሉ ዋዜማ ድረስ እግሯ በገመድ ታስሮ ከእኛው ጋር ትሰነብታለች።

እናም አንድ ታሪክ ነገርኳት። በእሷ ዕድሜ ሆኜ አንድ ፋሲካ ሲቃረብ አባቴ ቀይ ዶሮ ገዝቶ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ጥሬ እየበተንኩ ቀለብኳት። ተላመድን። ቅዳሜ ከሰዓት ከጨዋታ ስመለስ ገመዱ ብቻ ቀርቷል። እናቴን ስጠይቃት «ሸሽታ ጠፋች። ሌላ ገዝተን አረድን» አለችኝ። ደስ አለኝ። ለረጅም ጊዜ በሰፈሩ ቀይ ዶሮ ባየሁ ቁጥር እሷ ናት እል ነበር።

ልጄ ስልኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ስለዚህ ይቺ ናት!» አለች። «እስካሁን እየሮጠች ነው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌሙ የብቻዋ መሆኑ ቀረ። እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ እሷ ትጠይቃለች። ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል? ጫጩት የማን ልጅ ነው? ስሙስ ለምን ኩኩሉ ሆነ? አውራ ዶሮ ሲነጋ የሚጮኸው እንደዚያ ነው አልኳት። እዚህ አገር «ኮክ-አ-ዱድል-ዱ» ነው የሚለው፣ የእኛ ግን «ኩኩሉ» ይላል። ድብብቆሽ ስንጫወትም ዓይኑን የጨፈነው ልጅ «ኩኩሉ!» ብሎ ይጠራል፣ ሊደበቁ የሚሮጡት «አልነጋም!» ይላሉ። ሁሉም ተደብቆ ሲያልቅ «ነጋ!» ይባልና ፍለጋው ይጀመራል። የዚያን ዕለት ማታ ቤታችን ውስጥ ያልተደበቅንበት ቁም ሣጥን አልቀረም።

እውነቱን ለመናገር ኩኩሉ የሩጫ ጌም ነው፣ ቀልብ የሚያሳርፍ አይደለም። ረጋ ያለ የምትፈልጉ ከሆነ የእንስሳት ጌም ብዙ አለ። ልጆቻችሁ በ2020 የወጣውን የኒንቴንዶን «አኒማል ክሮሲንግ፦ ኒው ሆራይዘንስ» ሳያውቁት አይቀሩም። እኔን የነካኝ ግን አዳም ሮቢንሰን-ዩ የተባለ ካናዳዊ በ2019 ያወጣው «ኤ ሾርት ሃይክ» የሚባል ትንሽ ጌም ነው። ክሌር የምትባል ወፍ ለእረፍት አክስቷ ጋ መጥታለች። አንድ የስልክ ጥሪ ትጠብቃለች፣ እዚያ ግን ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ ትወጣለች። ገጠር ዘመድ ያለው ሁሉ ይሄን ያውቀዋል፤ ስልክ ለማናገር ጉብታ ላይ የሚወጣ ስንት ሰው አለ! ጫፉ ላይ ስትደርስ የሚደወልላት ከእናቷ ነው። እናትየው ቀዶ ሕክምና አድርጋ ነበር። መዋጋት የለ፣ መሞት የለ፣ በአንድ ምሽት ያልቃል። ያም ሆኖ በ2020 በትንንሽ ስቱዲዮዎች የጌም ውድድር ላይ ዋናውን ሽልማት ወስዷል። ጌም ልብ ለመንካት የግድ ትልቅ ገንዘብ አይፈልግም።

ወደ እኛው ስልክ እንመለስ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ማታ በ3 ሰዓት ደወልን። በዚያ ወቅት ኢትዮጵያ በ9 ሰዓት ትቀድመን ነበር። እኛ ጋ ጨልሟል፣ ተራሮቹም አይታዩም። እናቴ ጋ ግን እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ልጄ ስልኩን ተቀብላ «ሰላም እማማ» ከማለቷ ከወዲያ በኩል የጎረቤት አውራ ዶሮ ጮኸ።

ልጄ ዘላ ተነሳች። «ኩኩሉ!» ብላ በስልኩ ጮኸች።

ለአፍታ ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የሰባ ስምንት ዓመቷ እናቴ «አልነጋም!» አለች።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!»

ይሄን ስንት ጊዜ እንደተባባሉት አልቆጠርኩም። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቷል። በመጨረሻ ልጄ በተሰባበረ አማርኛዋ «እማማ፣ የአባዬ ዶሮ… ቀይዋ… ጠፋች ወይስ በላችኋት?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ ማን ነገረሽ ልጄ!» አለች እናቴ። «መሸሽስ ሸሽታ ነበር። ግን ሩቅ አልሄደችም፣ ድስቱ ድረስ ነው! አባትሽ ሆደ ባሻ ነው። ሁለት ወር ጾሞ ፋሲካን እያለቀሰ እንዳይውል ብዬ ነው። ደግሞ ወጡን ሲበላ ጣቱን ይልስ ነበር!»

ልጄ ሁሉን ቃል አልተረዳችም። ድስትና ጣት ግን ገብቷታል። ሶፋው ላይ ተንከባለለች። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩበት እውነት በአንድ ስልክ ፈረሰ።

ስልኩ ወደ እኔ ሲመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። እናቴ እኔ እንዳላዝን ዋሸችኝ። እኔም እሷ እንዳታዝን በየሳምንቱ እዋሻታለሁ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ልጅቷ እንቅልፍ እየመጣባት አልነበረም። አማርኛው እየጠፋባት ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «እንቅልፍ በየቅዳሜው በሰዓቱ ይመጣል እንዴ? አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው። በል ስልኩን መልስላት፣ የቤት ሥራ ልስጣት።»

የቤት ሥራው የዶሮን 12 ብልቶች ስም መያዝ ነው። ይሄን ስጽፍ አምስቱን ይዛለች። ፈረሰኛን መጥራት ያስቸግራታል፣ መላላጫ ስትል ግን ራሷ ትስቃለች።

ወላጆች፣ ጌም አማርኛ ያስተምራል አልልም። ልጄን ብቻዋን ትቼያት ቢሆን ኖሮ ዶሮዋን ስታስሮጥ ትውልና አንድ ቃል አትጨምርም ነበር። ለውጡ የመጣው አጠገቧ ስቀመጥ ነው። እናንተም በቀን ሃያ ደቂቃ ወስናችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ስሙን ሁሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በምታውቁት ጥሩላቸው። የራሳችሁን የዶሮ ታሪክ አትደብቁ። ስልክም ስትደውሉ እዚያ የሚነጋበትን ሰዓት ምረጡ።

ልጆች፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህን መጽሔት ካነሳችሁበት ሱቅ ሳትወጡ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ጠይቁ፦ «በልጅነትሽ፣ በልጅነትህ ዶሮ ነበረሽ? ነበረህ? መጨረሻዋስ ምን ሆነ?» «ሸሽታ ጠፋች» ካሏችሁ ግን ወዲያው አትመኑ። አያታችሁ ጋ ደውላችሁ አጣሩ።

ለወሩ በሰላም ያገናኘን!