«እማዬ፣ ልምጣ?»

ስልኩ ብዙ ጊዜ የሚደወለው የመጀመሪያው ሚድ ፈተና ውጤት በተነገረ ሰሞን ነው። «እማዬ፣ ዊዝድሮው ሞልቼ ልምጣ?» ልጁ ከአዲስ አበባ ጅማ ወይም ጎንደር ተመድቧል። እስከ 12ኛ ክፍል ደረጃ ሲወጣ ኖሯል። አሁን ዶርም የሚጋሩት ልጆችም ከየትምህርት ቤታቸው ደረጃ ሲወጡ የመጡ ናቸው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በዚህ ወንፊት ያለፈ ልጅ መውደቅን የት ይለማመደው?

ወላጅ ከሁለት አንዱን ይመልሳል፤ ወይ «ጠንከር በል፣ ቻለው»፣ ወይ «ና፣ የግል ኮሌጅ እናስገባሃለን»። ሁለቱም ከፍቅር የመጡ ናቸው። የልጁ ጥያቄ ግን ሌላ ይመስለኛል፤ «እኔ ለዚህ ቦታ እሆናለሁ ወይ?» ነው።

ዋልተንና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ጥያቄ ፈትሸውታል። አዲስ ገቢዎች ለአንድ ሰዓት ያህል የነባር ተማሪዎችን ልምድ አነበቡ፤ ነባሮቹም መጀመሪያ ላይ «እዚህ አልመጥንም» ብለው እንደነበር፣ ስሜቱም እያደር እንደለቀቃቸው ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት መሠረት፣ በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት የጥቁር ተማሪዎች ውጤት ተሻሻለ፤ ከነጮቹ ጋር የነበረው ልዩነትም በግማሽ ጠበበ። የእኛ ግቢ ሌላ ነው። ሆኖም ሲኒየር የሌለበት ግቢ የለም፤ «አንተም ፍሬሽማን እያለህ እንዲህ ነበርክ?» ብሎ መጠየቅም ገንዘብ አያስወጣም። ዳቦ ቆሎ ስትልኩም ለዶርሙ ልጆች የሚበቃ ይሁን፤ ብቻውን የሚበላ ልጅ ማንን ይጠይቃል?

ቃል ሥራዬ ስለሆነ ለስያሜ እጠነቀቃለሁ። ይህን ብርታት «አይበገሬነት» ማለታችን አይጥመኝም። የሚበረቱት ልጆች ያለቅሳሉ፣ ይናደዳሉ፣ ናፍቆት ያማቸዋል፤ ከዚያ ተነስተው ይማራሉ።

ላዛሩስና ፎክማን የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ችግርን የመቋቋሚያ መንገዶችን በሁለት ይከፍላሉ፤ አንዱ ችግሩን ራሱን መፍታት፣ ሌላው ችግሩ የፈጠረውን ስሜት ማስታገስ። ሰው የሚደክመው ቦታቸውን ሲያምታታ ነው። ምደባው አይለወጥም፤ እሱን እያሰቡ ማደር የእንቅልፍ ኪሳራ ነው። እዚያ ላይ የሚረዳው ጸሎት፣ ኳስ፣ የጓደኛ ጨዋታ ነው። ፊዚክሱ ግን በጨዋታ አይፈታም፤ መምህሩን ቢሮው ድረስ ሄዶ መጠየቅ፣ ከሚችል ልጅ ጋር ማጥናት ይፈልጋል። ስለዚህ በስልክ ምክር ከመደርደር «ከነገርከኝ ውስጥ በእጅህ ያለው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁትና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ በተለይ ለእናት።

ልጁ ለሳምንታት ክፍል ካልገባ፣ ምግብና እንቅልፍ ከራቀው፣ ወይም መኖር አልፈልግም የሚል ቃል ካወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዚያኑ ቀን ተነስታችሁ ሂዱ፤ እስክትደርሱም ብቻውን እንዳይሆን አድርጉ፤ ሐኪም ይየው። ያኔ ዊዝድሮው መሙላት ሽንፈት አይደለም። ብቻ ዝም ብሎ ግቢውን ጥሎ እንዳይወጣ፤ ቅጹን በወቅቱ ሞልቶ፣ መቼና እንዴት ተመልሶ እንደሚመዘገብ ሬጅስትራር ጠይቆ፣ የተፈረመበትን ኮፒ ይዞ ይምጣ።