እንሰት በባዕድ ደጅ

እንግሊዛውያን ለጌጥ ከሚተክሏቸው የሙዝ ዘመዶች አንዱ የእኛው እንሰት ነው። በተለይ ቅጠሉ ወደ ቀይ የሚያደላው ዓይነት በበጋ ግቢን ያደምቃል። ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ ስሙን ቢጠይቃት፣ ልጄ «ሐሰተኛ ሙዝ» ብላ መለሰችለት። እውነቱን ለመናገር፣ አዘንኩ።

ፍሬው እንደ ሙዝ ስለማይበላ ነው እንዲህ የሚባለው። ነገር ግን ሚሊዮኖችን በቆጮና በቡላ የሚመግብ ተክል በምን ሒሳብ ሐሰተኛ ይሆናል? ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ በአገሩ ስም «እንሰት» ብሎ አስፍሮታል፤ ሳይንሱም ይህንኑ ስም ይዟል።

«የጃፓን ሙዝ» የሚሉት ዘመዱ ሥሩ በገለባ በደንብ ከተሸፈነ ክረምቱን አልፎ በጸደይ ያቆጠቁጣል። እንሰት ግን ደገኛ ቢሆንም የአውሮፓን ውርጭ አይችልም፤ አስቀድሞ ተነቅሎ፣ ቅጠሉ ተከርክሞ፣ ውርጭ በማይገባበት ደረቅ ስፍራ መክረም አለበት። ድካሙን የጠላ ውጭ ይተወዋል፤ በዓመቱ ሌላ ይገዛል።

በባዕድ ምድር ያላችሁ ወገኖቼ ሆይ፣ ለጌጥ መትከሉን አልነቅፍም፤ እኔም ተክያለሁ። ነገር ግን ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት ኮባ የዚሁ ተክል ቅጠል መሆኑን፣ የጉራጌና የሲዳማ እናቶች ከግንዱና ከሥሩ ምግብ ማውጣትን ለልጆቻቸው በእጅ ሥራ እንዳስተማሩ ለልጆቻችን እንንገር። ዘንድሮ ተክሉን ወደ ቤት ስናስገባ ልጄን አብራኝ እንድትሸከም አደረግሁ። ስሙንም በዚያው ነገርኳት።