ከካሳ እስከ ካሳ

ከሰቆጣ ወጣ ብሎ፣ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ በሚባለው ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የደረቁ አስከሬኖች አሉ። የዋግ ሹሞች ናቸው ይባላል። ዘራቸው ከዛጉዌ ነገሥታት የሚቆጠር፣ በብር ወንበር ተቀምጠው ነጋሪት የማስጎሰም ክብር የነበራቸው መኳንንት ናቸው። ከእነሱ ወገን አንዱ፣ ዋግ ሹም ጎበዜ ገብረ መድኅን፣ የኢትዮጵያን ዘውድ ጭነው ነበር። የመማሪያ መጻሕፍት ግን ከካሳ ኃይሉ (አፄ ቴዎድሮስ) ወደ ካሳ ምርጫ (አፄ ዮሐንስ) መሻገሪያ አድርገው በአንድ አረፍተ ነገር ያልፏቸዋል። ይህ ሊታረም ይገባል፤ አወዳደቃቸው ብዙ ያስተምራልና።

ጎበዜ የሸፈቱት አባታቸውን አፄ ቴዎድሮስ ስላስገደሉባቸው ነው። ቂሙ የቤተሰብ ቢሆንም ተከታዩ ግን ብዙ ነበር። ገበሬው በወታደር ዘረፋ ተማሯል፤ ካህኑ መሬቱ ስለተነካ አኩርፏል፤ በ1859 ጎንደር ተዘርፋ አብያተ ክርስቲያናቷ ነድደዋል። ሸዋ በምኒልክ፣ ትግራይ በካሳ ምርጫ፣ ዋግና ላስታ በጎበዜ እጅ ገብተዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር፣ ቴዎድሮስን አገሬው አስቀድሞ ጥሏቸው ነበር።

ጎበዜ ለእንግሊዙ ጦር አዛዥ ለጄኔራል ናፒየር መንገድ አልዘጉም። ጠላታቸው ወደቀላቸው፤ በዚያው ዓመት ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ።

እንግሊዞቹ ሲመለሱ ግን ውለታ የከፈሉት ስንቅና አጋሰስ ላቀረቡላቸው ለካሳ ነበር። 12 መድፍና ሞርታር፣ ከ800 በላይ ጠመንጃ ትተውላቸው ሄዱ። ጆን ኪርክሃም የሚባል እንግሊዛዊም ቀርቶ የካሳን ወታደር ተኩስና ሰልፍ ማስተማር ያዘ። ካሳ በ1861 ደግሞ ንጉሥ የሚቀቡትን ጳጳስ፣ አቡነ አትናቴዎስን፣ ከግብፅ አስመጡ። መድፉም ጳጳሱም ወደ አንድ ሰፈር ሲገቡ ተክለ ጊዮርጊስ የቀራቸው ዘራቸውና የጦራቸው ብዛት ነበር። አሰም ላይ በጦር ሜዳ ከመሸነፋቸው በፊት የተሸነፉት እዚህ ላይ ይመስላል።

በሐምሌ 1863፣ በክረምት፣ 60,000 ያህል ሰው አስከትለው አድዋ አጠገብ አሰም ወረዱ። ካሳ የነበራቸው 12,000 ያህል ነበር። ሁለቱ አማቾች ናቸው፤ ተክለ ጊዮርጊስ ያገቡት የካሳን እህት ድንቅነሽን ነው። ጋብቻው ጦሩን አላስቀረም። ንጉሡ ቆስለው ተማረኩ፤ በእስር እንዳሉም ሞቱ። ካሳ በጥር 1864 አክሱም ላይ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ስለ ነገሥታቱ ሲተረክ ማን የማንን ጎተራ እንደበላ አይነሳም። የዚያ ዘመን ሠራዊት የራሱ የስንቅ ክፍል አልነበረውም፤ በደረሰበት ሁሉ የገበሬውን ገብስና ከብት እየበላ ያልፋል፤ ለከርሞ ዘር የተቀመጠውንም አይምርም። በ2013 በትግራይ የተነሳው ጦርነት ዋግ ሲደርስም ከአበርገሌና ከጻግብጂ ማሳቸውን ጥለው የወጡ ገበሬዎች ሰቆጣ ላይ በመጠለያ ሆነው እርዳታ ጠባቂ ሆነው ነበር። የተክለ ጊዮርጊስ ታሪክ እንደገና ሲጻፍ ከዘውዱና ከመድፉ እኩል የእነዚህ ሰዎች አያቶች ጎተራ ሊነሳ ይገባል።